በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተሠሩ ምርምሮች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስለ ኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ምርምር በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይቸግራል። አብዛኛው በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ተበትኗል፤ የቀረው በጡረታ የወጡ መምህራን ወሬ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ እጅ ላይ ከተገኘው የተለቀመ ነው። ስለዚህ አንዱ ዘመን በሰፊው ይወራለታል፣ ሌላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ጸሐፊው የአራት ኪሎ ልጅ ነው፤ ሚዛኑ ወደዚያ ቢያጋድል አንባቢ ይታገሠኝ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊኮቹ የጀስዊት ማኅበር አባል) ቄስ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ሰጡና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ከአብዮቱ በኋላ የአሁኑን ስሙን ያዘ። ከአራት ኪሎ ተነስቶ በአምስት ኪሎ በኩል እስከ ስድስት ኪሎ በእግር ቢኬድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በዚህች መንገድ ላይ ሳይንሱ፣ ቴክኖሎጂውና ፍልስፍናው በተራ ተደርድረዋል። ግብርናው ብቻ ከከተማ ወጥቷል።

አራት ኪሎ፦ የሚንቀጠቀጥ መሬትና የሚገድል አረፋ

የአዲስ አበባ አቀማመጥ ለአንድ ነገር ጠቅሟታል። ከተማዋ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ የምድርን መግነጢስ የሚለካ ጣቢያ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ተቋቋመ። በ1950 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን ናቸው፤ እሳቸውም ካናዳዊ፣ እሳቸውም ኢየሱሳዊ። ሥራቸው መግነጢስ ቢሆንም ጆሯቸው ወደ መሬት መንቀጥቀጥ ዞረ።

መዞሩ አይገርምም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ አካባቢ ለወራት ሲናወጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ጉዋን መሣሪያ ያልመዘገበውን የቀድሞ ዘመን ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ እየለቀሙ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሰናዱ። እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። የፊዚክስ ሰው ገድልና ዜና መዋዕል ሲያገላብጥ ማየት ዛሬ እንግዳ ይመስላል። ያኔ ግን ሁሉም በአንድ ግቢ ይኖር ነበር፤ ብርቅ አልነበረም።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ መሬት ተሰነጠቀ። ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ መስመር ላይ፣ በሰፊው ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ ምድሪቱ በቀናት ውስጥ ተለያየች። የዓለም ጂኦሎጂስት ሁሉ ወደ ሰመራ ተመመ። ቀድመው ቦታው ላይ ከደረሱት መካከል የአራት ኪሎ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ መነገር አለበት።

አሁን ወደ እንዶድ። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የሚባል ወጣት ተመራማሪ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን ያጠና ነበር። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ይዘጋል። አክሊሉ ወንዝ ወርዶ ሲያይ፣ ሴቶች ሸማ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈዋል። ከላይ ግን በሕይወት ያሉ ናቸው። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። አንዷን ከዕቃዋ ጥቂት አረፋ በሕይወት ባሉት ላይ እንድታፈስለት ለመናት። አፈሰሰች። ሞቱ።

የእንዶድ ፍሬ ለስንት መቶ ዓመት ነጠላ ሲያነጣ ኖሯል። ማንም እናት የምታውቀው ነገር ነው። አክሊሉ የጨመረው ወደ ታች መመልከትን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ረጅምና አድካሚ ነበር። በአድዋ በተደረገ የአምስት ዓመት ሙከራ በሕፃናት ላይ የነበረው የቢልሃርዝያ ስርጭት ከግማሽ ያህሉ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በየአገሩ ያለውን እንዶድ እየሰበሰበ ፍሬው ብዙ፣ ኃይሉም ብርቱ የሆነውን መረጠ፤ ኢ-44 ተባለ። ውጪ ያሉ ድርጅቶች ግን የመርዛማነት ምርመራው እኛ በምንቀበለው ላቦራቶሪ ይደገም እያሉ ዓመታት ፈጁ። ደረጃው ለጥንቃቄ ነው የሚሉ አሉ። የአፍሪካ ግኝት ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። ጸሐፊው ወደ ሁለተኛዎቹ ያደላል።

አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁሟል፤ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1989 እሱና ለገሠ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በማግስቱ ዓመት የክብር ዶክትሬት ሊቀበል ኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያ ደግሞ ዜብራ መስል የምትባል ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ እየደፈነች አስቸግራ ነበር። በእንዶድ ትሞክሩ እንደሆን አላቸው። ሞከሩ፤ ሠራ። ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) ያወጣው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። የእንዶድ ባለቤት ማን ነው የሚለው ሙግት ከዚያ ወዲህ በየጉባኤው ይነሳል።

በዚያው ግቢ የብሔራዊ ዕፅዋት ቤተ መዘክር አለ። ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት ሙሉ መዝገብ ለመጻፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀመረ፤ በ2009 ተጠናቀቀ። 8 ቅጽ ነው። መንግሥት ተቀይሮ፣ አገር ለሁለት ተከፍሎ እንኳ ሥራው አልቆመም። ጸሐፊው ተማሪ ሳለ ቅጾቹን ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ለማውረድ ሁለት እጅ ያስፈልገው ነበር።

አምስት ኪሎ፦ አጥንትና ፊደል

ብሔራዊ ሙዚየሙ አምስት ኪሎ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ መኖሪያዋ እዚያ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ስለ እሷ ብዙ ተጽፏልና አንደግመውም። ትኩረት የሚገባው ከሷ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው። ብርሃኔ አስፋውና ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመርቀዋል፤ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በታሪክ። ዘረሰናይ ዲኪካ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያላትን ሕፃን «ሰላም»ን አገኘ። የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ የመጀመሪያ ስብርባሪ የወጣው በዮሐንስ እጅ ነው። ቀድሞ ኢትዮጵያዊው ለፈረንጅ መንገድ መሪ ነበር። አሁን ቡድን መሪ ሆኗል።

የቴክኖሎጂው ፋኩልቲም አምስት ኪሎ ነው። በዚህ ዘርፍ የብዙ ሰው ላብ የፈሰሰበት ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ነበር። ሥራው ግን በአብዛኛው የተሠራው በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ነው፤ አበራ ሞላና ፍሥሐ አጥላው ስማቸው ቀድሞ ይነሳል። ማን ቀደመ የሚለውን ያነሳ ሰው ከጭቅጭቅ አይወጣም፤ እኛም አንገባበትም። የማያከራክረው፣ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ መግባቱ ነው። ይህን ጽሑፍ በስልክ ማንበብ የተቻለው በዚያ ምክንያት ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። 72 ኪሎ ትመዝን ነበር። መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ነበር፤ ሰማይ የሚታይባቸው ቴሌስኮፖችም እዚያው ናቸው።

ስድስት ኪሎ፦ የዘርዓ ያዕቆብ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቀድሞው ቤተ መንግሥት ሲከፈት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ። ጎብኚ ዛሬም የንጉሡን መኝታ ቤት አይቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሻገራል።

የፍልስፍናው ነገር ከክላውድ ሰምነር ስም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1953 መጡ፤ ሦስተኛው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ናቸው። ጉዋን መሬቱን ሲያዳምጡ ሰምነር ብራናውን ያነቡ ነበር። የኢትዮጵያ ፍልስፍና የሚባል ነገር አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ አምስት ቅጽ ጻፉ። ከውጭ ተተርጉሞ የመጣውን፣ እንደ አንጋረ ፈላስፋና እንደ ስክንድስ ታሪክ ያለውን፣ ተርጓሚው አገራዊ መልክ ሰጥቶታል አሉ። ዘርዓ ያዕቆብን ግን ለብቻው አቆሙት።

ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ እንዲህ ይተርካል። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ የሃይማኖት ግጭት ጊዜ፣ አንድ የአክሱም ደብተራ ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ገባ። መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን አሰበ። ሁሉም የኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ይላል፤ ታዲያ ዳኛው ማን ነው? ብሎ ጠየቀ። ፈጣሪ ለሁሉ የሰጠው ልቡና ነው ብሎ መለሰ። ምንኩስናንም ባርነትንም በዚያ ሚዛን መዘነ። ኋላ እንፍራዝ ተቀምጦ ወልደ ሕይወትን አስተማረ።

ክርክሩ ከዚህ ይነሳል። ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ፓሪስ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ ይህን የጻፈው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ብሎ ተነሳ። ብዙ አውሮፓዊ ምሁር ተከተለው። ሰምነር የዳ ኡርቢኖን ደብዳቤዎች ከሐተታው ጋር እያነጻጸሩ አሳባቸውም አጻጻፋቸውም አይገጥምም ብለው ተከራከሩ። በቅርብ ዓመታት ፈረንሳይ ውስጥ የኮንቲ ሮሲኒ ወገን እንደገና አይሏል። ነገሩ አልተቋጨም። ቢሆንም አንድ የውጭ ሰው ጥቂት ዓመት ተምሮ እንዲህ ያለ ግዕዝ ጻፈ ማለት የቅኔ ቤት ለሚያውቅ ሰው ለመዋጥ ይከብዳል።

በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተዘጋ፤ ሲከፈት ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ግዴታ ትምህርት ሆነ።

ከከተማ ውጪ፦ አለማያና ደብረ ዘይት

የግብርና ኮሌጁ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ጋር በተደረገ ስምምነት ጅማ ላይ ተጀምሮ ሐረርጌ፣ አለማያ ገባ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐሳቡ ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስን አንድ ላይ ማድረግ ነበር። አጠገቡ ያለው ሐይቅ አንድ ሰሞን ደርቆ ከብት ሲግጥበት ታይቷል፤ የግብርና ሊቃውንት እያዩት። ኋላ ውኃው ተመልሷል።

ከአለማያ ተመራቂዎች ስሙ ርቆ የሄደው ገቢሳ ኤጄታ ነው። ኦሎንኮሚ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ማሽላን ከሥሩ እየመጠጠ የሚያደርቀውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዝርያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልሟል። ሥራውን የሠራው አሜሪካ፣ ፐርዱ ሆኖ ነው። አለማያዎች ግን «የኛ» ማለታቸውን አይተዉም፤ ልክ ናቸው።

የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል በአለማያ ሥር ነበር። የዚያ ቤት ዋና ጉዳይ ጤፍ ነው። ጤፍን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። አበባዋ በዓይን አትያዝም፤ ከመከፈቷም በፊት ራሷን ያዳቀለች ይመስል ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ታረቀ በርሄ ምስጢሩን ደረሰበት። የጤፍ አበባ ትከፈታለች፤ ግን በማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ከ30 ገደማ ብቻ። ተመራማሪው ከገበሬው ቀድሞ መነሳት ነበረበት። በማጉያ መነጽር ሥር በቀጭን መርፌ የወንዴውን ክፍል ማውጣት፣ ከሌላዋ አበባ የወንዴ ዱቄት ማምጣት። ቡና የጠጣ እጅ አይሆንም ይሉ ነበር አሉ።

ከዚያ የመጣው ፍሬ በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው ቁንጮ ነው። አንዱ ወላጁ ዱከም የተባለው ዝርያ ሲሆን ምርት ይሰጣል፤ ነጣ ስላላለ ግን ገበያ ላይ አይወደድም። ሌላው ማኛ ነው፤ ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ቁንጮ ሁለቱን አጣመረ። ሳይንቲስት ምርት ብቻ ሲያይ ቆይቶ ነበር፤ የእንጀራውን መልክ ዓይቶ የሚፈርደው ሚዛን ላይ ያለው ነጋዴና ምጣድ ላይ ያለችው እናት መሆናቸውን ያወቀው ዘግይቶ ነው። የአድዓ ገበሬ ቁንጮን ከጎረቤቱ እየተበደረ ዘራ።

የዘር ባንኩን ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን እርዳታ ተቋቋመ። መላኩ ወረደ ለዓመታት መርተውታል፤ የአገር በቀል ዘር ጠባቂው ገበሬው ራሱ ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። እሳቸውም በዚያው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድን ተሸልመዋል። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ነው።

በጤፍ ላይም የእንዶድ ዓይነት ነገር ደርሷል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለበትም ብሎ በሆላንድ ሻረው።

ጤፍ ገና ያልተፈታ ችግር አላት፤ ፍሬዋ ሲከብድ አገዳዋ አይችልም፣ ትተኛለች። ማዳበሪያ ሲጨመር ይብሳል። አጠር ያለ ቁመት ያለው ተስፋ የተባለው ዝርያ ለዚህ የወጣ ነው። ከቁንጮ በኋላ ኮራ፣ ዳግምና ንጉሥም ወጥተዋል። ደብረ ዘይቶች በስም ማውጣቱ እንኳ አይታሙም።