«ትልቁን ያዝ፣ አንገቱም ረዘም ይበል»፦ ስለ ጊታር መጠን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ አኩስቲክ ጊታር ልግዛ ያለ ሰው መካሪ አያጣም። «ትልቁን ያዝ» ይሉታል። «አንገቱ ረዘም ይበል» ይሉታል። ምክሩ በቅንነት ነው። ግን ብዙው ልክ አይደለም፤ ጀማሪውም ለእጁ የማይመች ጊታር ተሸክሞ ይገባል።

«አንገቱ ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል»

በገናን ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጅማቱ ረጅም ነው፣ ድምፁም ወፍራም። በገና ግን መጀመሪያውኑ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚቃኘው። ጊታር ላይ ረጅሙም አጭሩም የሚቃኘው እኩል ነው። ወፍራሙ ስድስተኛ ክር በሁለቱም 82 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል ማለት ነው።

ልዩነቱ ያለው ውጥረቱ ላይ ነው። ወሳኙ ርዝመት ክሩ የሚርገበገብበት ነው፤ ማለትም ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ቁራጭ) እስከ ሳድል (ሳጥኑ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ቁራጭ)። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጊታሮች ላይ ረጅሙ 645፣ አጭሩ 632 ሚሊሜትር ነው። አንድ ዓይነት ክር ብታስሩባቸው ረጅሙ 4 በመቶ ያህል በልጦ ይወጠራል። ስለዚህ ድምፁ ጠራ ይላል፣ ጠንካራ ምትም ይችላል። አጭሩ ለጣት ለስለስ ይላል። ትዝታ እየተጫወተ ክሩን ገፋ አድርጎ ማስለቀስ ለሚወድ ሰው እኔ አጭሩን እመርጥለታለሁ።

ለመግዛት ስትሄዱ ሜትር ያዙ። ከነት እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ለኩና በ2 አባዙት። ርዝመቱ ያ ነው።

«አንገቱ አጭር ከመሰለ ክሩም አጭር ነው»

አይደለም። አንገቱ ከሳጥኑ ጋር 12ኛው ፍሬት ላይ የሚገናኝ ጊታር አለ፤ 14ኛው ላይ የሚገናኝም አለ። የመጀመሪያው አጭር ይመስላል እንጂ የክሩ ርዝመት እኩል ሊሆን ይችላል። የሚለወጠው የብሪጁ፣ ማለትም ሳጥኑ ፊት ላይ ተለጥፎ ሳድሉንና የክሮቹን ጫፍ የሚይዘው እንጨት፣ ቦታ ነው። በ12 ፍሬቱ ላይ ብሪጁ ወደ ታች ወርዶ፣ ሰፊውና በቀላሉ የሚንቀሳቀሰው የፊት እንጨት መሃል ላይ ያርፋል። ሞቅ ያለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ሳጥኑ ትልቅ ከሆነ ሁልጊዜ ይበልጣል»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ትልቅ ሳጥን ብዙ አየር ይይዛል፤ ያ አየር በቀዳዳው እየወጣና እየገባ ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ያግዛል። ድሬድኖት የሚባለው ትልቁ ቅርጽ በ1916 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የተፈለገውም ይህ ጉልበት ነበር። ስሙን የወሰደው ከእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው።

የአየሩን ሥራ በጆሯችሁ መስማት ትችላላችሁ። በትልቅ ጊታር ስድስተኛውን ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱ። 98 ኸርዝ ነው፤ አየሩ ራሱ ከሚያስተጋባበት 100 ኸርዝ አካባቢ ጋር ይቀራረባል። ድምፁ ይገዝፋል፣ ሆዳችሁ ላይም ይሰማችኋል። አሁን ቀዳዳውን በመዳፋችሁ ከድናችሁ ድገሙት። ግዝፈቱ ይጠፋል።

ችግሩ ይህ ግዝፈት ሁሌ አለመፈለጉ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከዘፋኝ ጋር ስትጫወቱ ባሱ ቃላቱን ይውጣል። በጣት ቀስ ብሎ ለሚጫወትም ትልቁ የፊት እንጨት ቶሎ አይነቃለትም። ትንሹ ሳጥን ግን ለቀላል ንክኪ ቶሎ መልስ ይሰጣል፣ ቀጫጭኖቹ ክሮችም ከባሱ እኩል ይሰማሉ። ጣና ዳር ዛፍ ሥር ስትቀመጡ ደግሞ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ቤት ውስጥ የሚያገሳው ጊታር እዚያ ባሱ ሲሳሳ ብትሰሙ ጊታሩን አትውቀሱ።

«ትንሽ ጊታር የልጅ ነው»

ለልጅ የሚሠራ አለ፣ እሱ የክሩም ርዝመት ያጥራል። ፓርለር የሚባለው ትንሽ ጊታር ግን የአዋቂ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ሰዎች ቤታቸው የሚጫወቱት እንዲህ ያለውን ነበር።

«ሁሉንም የሚወስነው መጠኑ ነው»

ሁለት እኩል ጊታሮች ፈጽሞ የማይመሳሰል ድምፅ ሊያወጡ ይችላሉ። የፊት እንጨቱ ውፍረት፣ ከውስጥ የሚደግፉት ዘንጎች አጣጣል፣ የክሩ ዓይነት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። እንጨቱ ወጥ ይሁን ወይስ ስስ ንጣፎች ተጣብቀው የተሠራ የሚለውም እንዲሁ። ለማየት የቀዳዳውን ጠርዝ ተመልከቱ፤ የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ውስጥ ሳይቋረጥ ከወረደ ወጥ ነው።

የኛ ክረምትም አለበት። ከሰኔ እስከ መስከረም እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፣ ድምፁም ይታፈናል። በነሐሴ ሱቅ ውስጥ «ደነዘዘ» ብላችሁ የተዋችሁት ጊታር በኅዳር ሌላ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በክረምት የምትገዙ ከሆነ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ እዩ፣ ከብሪጁ ኋላ ያለው እንጨት አብጦ እንደሆነም በእጃችሁ ዳስሱት።