የአባላት ቤተ መጻሕፍት የሥነ ጽሑፍ ምሽት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1880 ምሽት በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል ከተማ፣ ጆሴፍ ስዋን የተባለ ኬሚስት በአንድ አዳራሽ ንግግር ያደርግ ነበር። በንግግሩ መካከል የጋዝ መብራቶቹ ዝቅ እንዲደረጉ ጠየቀና በምትካቸው ራሱ የሠራቸውን የኤሌክትሪክ አምፖሎች አበራ። በአምፖል ብርሃን የታየው የመጀመሪያው የሕዝብ አዳራሽ ይህ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። አዳራሹ ግን የዩኒቨርሲቲም የማዘጋጃ ቤትም አልነበረም። «የኒውካስል የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ማኅበር» የሚባል፣ አባላቱ ዓመታዊ መዋጮ እየከፈሉ መጽሐፍ የሚዋሱበት ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነበር። መጽሐፍ ለመዋስ የተሰባሰቡ ሰዎች ስለ አምፖል የሚናገር እንግዳ ለምን ይጋብዛሉ? ቤተ መጻሕፍትን ከዝምታ ጋር ብቻ ለምናያይዝ ሰዎች ጥያቄው ግራ የሚያጋባ ሊመስል ይችላል፤ መልሱ የሚገኘው እንዲህ ያሉ ቤቶች ከምን እንደተወለዱ በማየት ነው።

የአባላት ቤተ መጻሕፍት ማለት መንግሥት ያላቋቋመው፣ የትምህርት ቤትም ያልሆነ፣ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች በጋራ የሚያስተዳድሩት የመጻሕፍት ቤት ነው። አባላቱ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ኩባንያ አክሲዮን ይገዛሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1807 የተመሠረተው የቦስተን አቴኒየም 1,049 አክሲዮኖች ያሉት ሲሆን፣ ባለአክሲዮኖቹ ድርሻቸውን ለልጆቻቸው ሊያወርሱ ይችላሉ። አባላቱ የአስተዳደር ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ኮሚቴውም ምን መጽሐፍ እንደሚገዛና ማን እንደሚጋበዝ ይወስናል። ለእኛ አንባቢ ቅርብ በሆነ ምሳሌ ለማስረዳት፣ አሠራሩ ከዕድር ብዙም አይርቅም፤ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መዋጮና ደንብ አለው፣ የጋራ ንብረቱ ግን ድንኳንና ድስት ሳይሆን መጽሐፍ ነው። የሥነ ጽሑፍ ምሽት የሚባለው እንግዲህ ይህ ቤት ደራሲን፣ ገጣሚን፣ ተርጓሚን ወይም አንድን ጉዳይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ጠርቶ በመደርደሪያዎቹ መካከል ወይም በአዳራሹ የሚያካሂደው ዝግጅት ነው።

በዚህ ስም ውስጥ ሦስት ዓይነት ዝግጅቶች ይካተታሉ። አንደኛው ንግግር ነው፤ ተጋባዡ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ሐሳብ ብቻውን ያቀርባል። ሁለተኛው ደራሲው ከአንድ አወያይ ጋር ተቀምጦ የሚጨዋወትበት ውይይት ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። ሦስተኛው ንባብ ነው፤ ደራሲው የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ከሦስቱ የሚከብደው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ንባቡ ነው። ዓይን የዘለለውን ሐረግ ጆሮ አይዘልለውምና በገጽ ላይ ተደብቆ የኖረ የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ሲነበብ ወዲያው ይጋለጣል። ጥሩ የሚጽፍ ሁሉ ጥሩ አንባቢ አይደለም፤ በአንጻሩም መካከለኛ ጽሑፍ በጥሩ ድምፅ ታጅቦ ከሚገባው በላይ ሲጨበጨብለት ይታያል።

ወደ አመጣጡ ስንመለስ፣ በብዙዎቹ ዘንድ ወጉ ከመጽሐፉ ቀድሞ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1727 ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፊላደልፊያ «ጁንቶ» የተባለ የመወያያ ቡድን መሠረተ። አባላቱ የእጅ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ነበሩ፤ ዓርብ ምሽት እየተገናኙ በየተራ ጥያቄ እያነሱ ይከራከሩ ነበር። ሰው ሲከራከር ማስረጃ መጥቀስ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የግል መጻሕፍቱን አምጥቶ በአንድ ክፍል እንዲያስቀምጥ ተስማሙ። ይህ አልሠራም፤ መጻሕፍቱ በቂ ጥበቃ ስላላገኙ ሁሉም የየራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ፍራንክሊን ሌላ ዘዴ ያቀረበው፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1731 ሃምሳ ሰዎች ለመነሻ 40 ሽልንግ፣ በየዓመቱ ደግሞ 10 ሽልንግ ሊከፍሉ ፈርመው የፊላደልፊያ የቤተ መጻሕፍት ኩባንያ ተቋቋመ። መደርደሪያው የተሠራው እንግዲህ ለክርክሩ ስንቅ እንዲሆን ነበር።

የኒውካስሉም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1793 ሲጀመር የመጨዋወቻ ክበብ ነበር፤ አባልነቱም በዓመት አንድ ጊኒ (የዘመኑ የእንግሊዝ ገንዘብ) ያስከፍል ነበር። መሥራቾቹ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ማዕድን፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ የፈለጉትን እንዲያነሱ ለራሳቸው ፈቅደው፣ ሃይማኖትንና ፖለቲካን ግን ከለከሉ። ዓመቱ እንግሊዝ ከአብዮተኛዋ ፈረንሳይ ጋር ጦርነት የገጠመችበት ስለነበር፣ ሰብሰብ ብለው የሚነጋገሩ ሰዎች በመንግሥት ዘንድ በጥርጣሬ መታየታቸው የማይቀር ነበር፤ ክልከላው ከፍርሃትም ከብልሃትም የመጣ ይመስለኛል። ለውይይታቸው መጽሐፍ መግዛት ጀመሩ፣ መጻሕፍቱ በዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1825 ወደ ራሳቸው ሕንጻ ገቡ። ስዋን አምፖሉን ይዞ የመጣው ወደዚህ ቤት ነው። ማኅበሩ ዛሬም በዚያው ሕንጻ መጻሕፍት ያውሳል፤ ንግግርም ያዘጋጃል።

በአሜሪካ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በትልልቅ ከተሞች የንግድ ቤት ወጣት ሠራተኞች ከሥራ በኋላ የሚያነቡበትና ራሳቸውን የሚያስተምሩበት «መርካንታይል» የሚባሉ የአባላት ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። መዋጯቸው አነስተኛ ስለነበር የንግግር ምሽት የገቢ ምንጭ ሆነ፤ አባል ያልሆነው የከተማ ሰው ትኬት ገዝቶ ይገባል፣ የተረፈው ገንዘብም ለመጽሐፍ መግዣ ይውላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ዊሊያም ሜክፒስ ታከሬ እ.ኤ.አ. በ1852 አትላንቲክን ተሻግሮ በኒውዮርክ ስለ ቀደምት የእንግሊዝ ቀልደኛ ደራስያን ንግግር ያደረገው በዚያው ከተማ የመርካንታይል ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ጥሪ ነው። ሁሉም ግን እንደ ታከሬ አልቀናውም። በባሕር ጀብዱ ልብ ወለዶቹ የታወቀው አሜሪካዊ ደራሲ ኸርማን ሜልቪል መጻሕፍቱ አልሸጥ ባሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በብርድ ወራት ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲናገር፣ በመጀመሪያው ዙር የመረጠው ርእስ የሮም ሐውልቶች ነበር። የባሕር ጀብዱ ሊሰማ የመጣው ታዳሚ ስለ እብነ በረድ ሲነገረው ቅር ተሰኘ፤ ድምፁ አይሰማም ብለው የጻፉ ጋዜጦችም ነበሩ። ታዳሚ ትኬት ገዝቶ ሲመጣ የሚጠብቀው ነገር እንዳለው፣ ተናጋሪም የራሱ ፍላጎት እንዳለው፣ የዝግጅት ኮሚቴዎች ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚታገሉት ይህን ነው።

ከእነዚህ የነጋዴ ቤቶች ጥቂቶች ብቻ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1835 በ45 ወጣት ነጋዴዎች የተመሠረተው የሲንሲናቲው አንዱ ነው። ቤቱ ያረፈበት የኮሌጅ ሕንጻ በ1845 ሲቃጠል አባላቱ ለመልሶ ግንባታው 10,000 ዶላር አዋጡና በምላሹ ለ10,000 ዓመታት የሚጸና የኪራይ ውል ተፈራረሙ። ቀልድ ቢመስልም ውሉ ጸንቶ ስለቆየ፣ በአሜሪካ መሐል ከተማ ስንት ቤተ መጻሕፍት በኪራይ ውድነት ሲዘጉ እርሱ ዛሬም በዚያው ቦታ ደራስያንን ይጋብዛል።

የለንደኑ ቤተ መጻሕፍት ግን ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ መንገድ የመጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ደራሲና የታሪክ ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል በብሪቲሽ ሙዚየም የንባብ ክፍል መሥራት አስመርሮት ነበር፤ ወንበር አይገኝም፣ መጽሐፍ ወደ ቤት አይወሰድም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በጁን 1840 በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ለንደን መጽሐፍ የሚያውስ ቤት ያስፈልጋታል ብሎ ተናገረ፤ ቤቱም በ1841 ተከፈተ። ካርላይል ራሱ ከስብሰባው አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1840፣ ስለ ጀግኖች ተከታታይ ንግግር አድርጎ የጨረሰ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የመሠረተው ቤት ለመናገሪያ ሳይሆን ለብቻ ለማንበቢያ የታሰበ መሆኑ ትንሽ ያስፈግጋል። ዛሬ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ መጻሕፍት ያሉት ይህ ቤት ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ያዘጋጀው 180ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ይህ ቤት ግን አንድ የተለየ ጥቅም አለው፤ ምሽቶቹን ከገዛ መደርደሪያው ማውጣት ይችላል። ጥሩ ማሳያው የብራም ስቶከር ጉዳይ ነው። ስቶከር «ድራኩላ» የተባለውን ልብ ወለዱን ሲያዘጋጅ የዚህ ቤት አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤቱ ሠራተኞች የደራሲውን የማስታወሻ ጽሑፎች ከመደርደሪያው መጻሕፍት ጋር ሲያመሳክሩ፣ በመስመርና በምልክት የተሞሉ 26 መጻሕፍት አገኙ፤ ከታሪኩ ጋር የሚገጥሙት ዓረፍተ ነገሮች ተሰምሮባቸዋል። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ አንድ የቴአትር ቡድን ይኸንኑ ታሪክ በቤቱ የንባብ ክፍል ውስጥ ተጫወተው። ታዳሚው የተቀመጠው ደራሲው በተዋሰበት ቤት፣ የተሰመረባቸው መጻሕፍት ባሉበት ጣሪያ ሥር ነበር። ሆቴል ወይም የስብሰባ ማዕከል ተከራይቶ እንዲህ ያለ ምሽት ማዘጋጀት አይቻልም። (በተዋሱት መጽሐፍ ላይ ማስመር ደግሞ ያኔም ሆነ ዛሬ የተከለከለ ነው፤ ለስቶከር ግን ዘመን ይቅር ብሎታል።)

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ዝግጅት የሚቀርበው የመጽሐፍ ምረቃ ነው፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ምረቃ የመጽሐፉ ሠርግ ነው። የሚጠራው ደራሲው ወይም አሳታሚው ነው፤ ንግግር አድራጊው ወዳጅ ነው፤ መጽሐፉ ገና ያን ቀን ስለሚሸጥ ከታዳሚው አብዛኛው አላነበበውም፤ ስለዚህ ምስጋናና ምርቃት ይበዛዋል። በአባላት ቤተ መጻሕፍት ምሽት ጠሪው አንባቢው ነው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ መጽሐፉን ተውሰው ጨርሰውታል፤ ቤቱም የእነርሱ ስለሆነ ደራሲው እንግዳ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው በጥያቄ ሰዓት ነው። በገጽ 200 ላይ የሞተው ሰው በገጽ 240 ላይ እንዴት ደብዳቤ ጻፈ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚገኘው አንባቢው በጠራው ስብሰባ ነው። ጥያቄ ጠያቂ መስሎ የራሱን ረጅም ንግግር የሚያደርግም በየአገሩ አይጠፋም፤ የአወያዩ ችሎታ የሚለካውም ያንን ሰው ሳያስቀይም በማስቀመጥ ነው። በእኛም ዘንድ በወመዘክር አዳራሽና በሌሎች ስፍራዎች የሚካሄዱት የመጽሐፍ ውይይቶች ከምረቃው ይልቅ ለዚህ ምሽት የሚቀርቡት፣ ታዳሚው አንብቦ የሚመጣባቸው በመሆናቸው ነው።

የምሽቱ ወጪ በየቤቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ለአባላት በነጻ፣ ለሌላው በትኬት ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ለሁሉም በትኬት። እ.ኤ.አ. ከ2020ው የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙዎቹ በኢንተርኔት በቀጥታ ማሰራጨት ጀምረዋል።

የሚያከራክረው የበሩ ጉዳይ ነው። የለንደኑ ቤት ሙሉ አባልነት በዓመት ከ500 ፓውንድ በላይ ያስከፍላል፤ ይህ ለጀማሪ ደራሲ ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ስለዚህ ምሽቶቹ የደላቸው ሰዎች መጨዋወቻ ናቸው የሚለው ወቀሳ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየዓመቱ እስከ 40 ለሚደርሱ ጀማሪ ደራስያን የአንድ ዓመት ነጻ አባልነት የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቁሟል። ፓሪስ የሚገኘው የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የመረጠው መንገድ የበለጠ የሚያሳምን ይመስለኛል። ይህ ቤት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች በተላኩ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1920 የተመሠረተ ሲሆን፣ በጀርመን ወረራ ዘመን ሠራተኞቹ ወደ ቤቱ እንዳይገቡ ለተከለከሉ አይሁድ አንባቢዎች መጽሐፍ በድብቅ እስከ ቤታቸው ያደርሱ ነበር። ዛሬ ከደራስያን ጋር የሚያዘጋጃቸው ምሽቶች አባል ላልሆነውም ክፍት ናቸው፤ ለመግባት የሚጠየቅ የግዴታ ክፍያ የለም፣ የፈለገ ይለግሳል። ከኤፍል ማማ ጥቂት ርቆ ባለችው ጠባብ ጎዳና ያለፈ መንገደኛ ገብቶ፣ ወንበር ይዞ፣ ሰምቶና ጠይቆ ሊወጣ ይችላል። ሲሰማው ያመሸውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ተውሶ ይዞ መውጣት የሚችለው ግን የአባልነት ካርድ ያለው ነው።