ልቅ ማለት ምን ማለት ነው?

«ልቅ» ከ«ለቀቀ» የወጣ ቃል ነው። ሲነበብ «ቅ» ይጠብቃል። የሚይዘው ወይም ወሰን የሚያበጅለት የሌለው ነገር ልቅ ይባላል።

ከ«ነጻ» ጋር ይቀራረባል፤ ግን አንድ አይደሉም። ነጻ ሰው ሲሉት ደስ ይለዋል፣ ልቅ ነህ ቢሉት ግን ይቀየማል። ልቅ የሚለው ቃል «መያዝ ነበረበት» የሚል ወቀሳ አለበት። ልቅ ንግግር፣ ልቅ ወሲብ፣ ልቅ የገንዘብ አያያዝ ሲባል የጎደለ ልጓም አለ ማለት ነው። «መረን የለቀቀ» ደግሞ ይብሳል። የዚያው ግስ ልጅ የሆነው «ለቀቅ ያለ» ግን ወቀሳ የለበትም፤ ለቀቅ ያለ ቀሚስ ሰፋ ብሎ የሚመች ነው።

እኛ ባሕር ዳርና ጣና ዳር ያለን ሰዎች ቃሉን አብዝተን የምንሰማው «ልቅ ግጦሽ» ሲባል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ልቅ ግጦሽ ሲባል እረኛ የሌለው ከብት ይመስላል። ወደ ወረታ መንገድ ወጥታችሁ የፎገራን ሜዳ ተመልከቱ፤ ከብቱ እረኛ አለው። እረኛው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከኋላ ከኋላ ይሄዳል። ሩዙ ታጭዶ ሲነሳ ግን ማሳው የሁሉም ይሆናል፤ የየሰዉ ከብት ተቀላቅሎ ቃርሚያውን ይበላል። ስለዚህ ልቅ የሆነው ከብቱ ሳይሆን መሬቱ ነው። ቆጥሮ የሚያስገባ፣ በቃ የሚል የለም።

ጣጣው ብዙ ነው። ውሃው ሲሸሽ በሚወጣው የባሕር ሸሽ መሬት ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ የዘራ ገበሬ ቀን ከሌት ሲጠብቅ ይከርማል። በተራራው በኩል በስንት ድካም የተሠራ እርከን በኮቴ ይናዳል፤ አፈሩም በክረምት ወደ ጣና ይወርዳል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ለጋው እየተበላና እየተረገጠ ይሳሳል። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ጥብቅ ደግሞ የልቅ ተቃራኒ ነው። እንዲያም ሆኖ በአንዳንድ ዳርቻ ያው ልቅ ግጦሽ አለ።

ቃሉ ሲነገር የሚያሳስበኝ ገበሬው ላይ ብቻ መውደቁ ነው። «ከብታችሁን ልቅ አትልቀቁ» ማለት ቀላል ነው። ገበሬው ብቻውን ከብቱን ቢያስር ሣሩን የጎረቤት ከብት ይበላዋል፤ የእሱ ላም ጦሟን ታድራለች። ነገሩ የሚለወጠው ቀበሌው ተሰብስቦ ደንብ ሲያወጣ ነው። ሜዳው ይከለላል፣ ሣሩ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል፣ ከብት ያስገባ ይቀጣል። ላሟም እረኛውም እነዚያው ናቸው፤ ግጦሹን ግን ከዚያ በኋላ ልቅ የሚለው የለም።