የኮምጣጣ ቢራ አቀማመስ በቦርዴ አገር፣ በሐዋሳ

የዱር እርሾ ቢራ የሚባለው፣ ጠማቂው በላቦራቶሪ ነጥሮ የተራባ አንድ ዓይነት እርሾ በመጨመር ፋንታ በአየር ላይ፣ በእንጨት በርሜልና በፍሬ ልጣጭ ላይ የሚገኙ እርሾዎችና ባክቴሪያዎች እንዲያብላሉት የሚተወው፣ በአብዛኛውም ኮምጣጣ የሆነ የቢራ ዓይነት ነው። የሐዋሳ ሰው ቢራ ሲባል የሚያስበው፣ በከተማዋ ያለውን የቢጂአይ ፋብሪካ ጨምሮ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠምቁትን «ላገር» የተባለ ጥርት ያለ ቢራ በመሆኑ፣ የኮመጠጠ ቢራ ቢቀርብለት መጀመሪያ የሚጠረጥረው መበላሸቱን ነው። ጥርጣሬው ግን የጠርሙስ ቢራ ልማድ የፈጠረው እንጂ ከምላሱ የመጣ አይደለም፤ ያው ሰው ከእህል የሚዘጋጀውን የባህል መጠጥ፣ ቦርዴን፣ ኮመጠጠ ብሎ አይመልስምና።

ልማዱም ቢሆን የቆየ አይደለም። ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለው ዴንማርካዊ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ አንድን የእርሾ ዓይነት ለብቻው ለይቶ ለጠመቃ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1883 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እርሾ ከጠመቃ ወደ ጠመቃ ሲተላለፍ ከዱር ዘመዶቹና ከባክቴሪያ ጋር ተደባልቆ ነበር። ከእነዚህ የዱር እርሾዎች ዋናው ብሬታኖማይሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ እርሾው የገለጸው የካርልስበርጉ ክላውሰን ያገኘው በእንግሊዝ ቢራዎች ውስጥ ስለነበር፣ የስሙ ትርጉም «የብሪታንያ ፈንገስ» ማለት ሆነ።

የዚህ ጠመቃ ዋና አገር ቤልጂየም፣ በተለይም ብራሰልስና በስተደቡብ ምዕራብ ያለው አካባቢ ሲሆን፣ ቢራው ላምቢክ ይባላል። ከብቅልና ቢያንስ 30 በመቶ ከሚሆን ያልበቀለ ስንዴ የተቀቀለው ውሃ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ክፍት ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ የአየሩን እርሾ ይቀበላል፤ ጠመቃውም የሚካሄደው በብርዱ ወራት ነው። ከዚያ በእንጨት በርሜል ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ላምቢኮች ተደባልቀው በጠርሙስ ውስጥ ዳግም ሲብላሉ ጉዝ፣ ኮምጣጣ ቼሪ ሲዘፈዘፍበት ደግሞ ክሪክ ይሆናል። በአሜሪካም አላጋሽ የተባለው ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲህ ያለ ገንዳ በሜይን ግዛት ሠርቷል።

ለእኛ አንባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ፣ የሆፕስ ነገር ነው። ላምቢክ ጠማቂዎች ሆፕስን ለዓመታት አስቀምጠው አሮጌውን ይጠቀማሉ፤ ምሬቱ ሲጠፋ ባክቴሪያን የመግታት ኃይሉ በከፊል ይቀራልና። በጠላ ውስጥ ጌሾ የሚሠራው ሥራም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ቦርዴ በአንጻሩ ጌሾ የለውም፤ ከበቆሎ ወይም ከሌላ እህል ዱቄት፣ ከእንኩሮና ከብቅል ተዘጋጅቶ ገና እየተብላላ ስለሚጠጣ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ያለ ከልካይ ይሠራሉ፤ ወፍራም፣ ደፍራሳና ጣፋጭ ኮምጣጣ ሆኖ ቢበዛ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ባክቴሪያዎቹ በቦርዴም በላምቢክም ይሠራሉ፤ ልዩነቱ ቦርዴ የሚቸኩል፣ ላምቢክ የሚታገሥ መሆኑ ነው። ቆጮን በጉድጓድ ለሚያብላላ የሲዳማ ቤት ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሲቀመስ ቢራው እንደ ላገር በረዶ መሆን የለበትም፤ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢሆን ሽታው ይወጣል። የጠርሙሱ አተላ እንዳይናወጥ ቀስ ተብሎ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ይቀዳል። መጀመሪያ ይሸተታል፦ ብሬታኖማይሲስ ድርቆሽን፣ እርጥብ ቆዳን ወይም ቀማሾች የፈረስ ላብ የነካው ልባስ የሚሉትን ሽታ ይሰጣል፤ አስቀያሚ ቢመስልም ጉድለት አይደለም። የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስን ስለሚያስደነግጥ ፍርድ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መጠበቅ አለበት።

መለየት ያለበት የኮምጣጣነቱ ዓይነት ነው። የላክቲክ አሲድ ኮምጣጣነት እንደ እርጎ ለስላሳና ንጹሕ ሲሆን ምራቅ ያመጣል፤ የአሴቲክ አሲድ ደግሞ እንደ አቼቶ አፍንጫን ይወጋል፣ ጉሮሮንም ያቃጥላል። ጥቂቱ ለዛ ይሰጣል፣ ሲበዛ ግን በርሜሉ አየር እንደገባው ያመለክታል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ጠረን ወይም የትውኪያ ሽታ ያለው ቢራ ያለ ጥርጥር ጉድለት አለበት፤ «የዱር ነውና እንዲህ ነው» የሚል ሻጭም ሊታመን አይገባም። በርሜል ውስጥ ሳለ ፔዲዮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ቢራውን እንደ ተልባ ውሃ የሚያዝለገልግበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሕመም ግን በዱር እርሾው ሥራ ውሎ አድሮ የሚያልፍ ስለሆነ ጠማቂው ከመድፋት ይልቅ ይጠብቃል።

ከምግብ ጋር ሲቀርብ የሎሚን ቦታ የሚይዝ መጠጥ ነው። በሐዋሳው የአሣ ገበያ በአሞራ ገደል ተጠብሶ የሚቀርበው የሐይቁ አሣ ቅባቱ በኮምጣጣ ስለሚቆረጥ በጣም ይስማማዋል። ዳጣ ከተጨመረ ግን በርበሬው የአሲዱን ስለት ስለሚያባብሰው፣ ከጉዝ ይልቅ ለስለስ ያለ የፍሬ ቢራ መምረጥ ይሻላል፤ አለዚያም ቦርዴውን።