«በ10,000 ዓመት አንዴ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሯሪ 1 ቀን 1953 ሌሊት፣ የሰሜን ባሕር ማዕበል የኔዘርላንድስን የባሕር ግድቦች ደረማመሰ። 1,836 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ዴልታ የሚባለው ግዙፍ የመከላከያ ግንባታ ተጀመረ። ግድቡ ምን ያህል ከፍ ይበል? ሕዝብ የበዛበት የሆላንድ ማዕከል «በ10,000 ዓመት አንዴ»፣ ዜላንድ የተባለው የባሕር ጠረፍ ክፍለ ሀገር ደግሞ «በ4,000 ዓመት አንዴ» የሚመጣ የውኃ ከፍታን እንዲችል ተወሰነ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውኃው አንዴ ከመጣ ለ4,000 ዓመት ዝር አይልም ማለት አይደለም። በየዓመቱ ያ ከፍታ የመድረስ ዕድሉ ከ4,000 አንድ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ ቢመጣ እንኳ የከርሞው ዕድል ያው ነው። ዳይስ (ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያለበት የጨዋታ ጠጠር) የሚወረውር ሰው ስድስት ስለወጣለት ቀጣዩ ስድስት አይርቅበትም። በዚህ ስሌት፣ ዜላንድ ውስጥ 80 ዓመት የሚኖር ሰው ያን ከፍታ የማየት ዕድሉ 2 ከመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም።

የድሮው ደንብ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ የሚለካው በዋናነት የውኃውን ከፍታ ነው። ግድብ ግን ውኃ ሳያልፈውም ይፈርሳል። ውኃው ከሥሩ ሰርጎ አሸዋውን ጠርጎ ሲያወጣ ግድቡ ውስጥ ውስጡን ይቦረቦራል። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ መለኪያው ራሱ የጎርፉ ዕድል ሆኗል። ከግድብ ጀርባ የሚኖር ማንኛውም ሰው በጎርፍ የመሞት ዕድሉ በዓመት ከ100,000 አንድ እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ ሀብታም ከተማም ይሁን ትንሽ መንደር። በእኔ እምነት ይሄኛው ይበልጥ ፍትሐዊ ነው።