«የተሰበረ እጅ»፦ ቶማስ ፊትዝፓትሪክና የቢቨር ንግድ ዘመን

ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1799 በአየርላንድ፣ በካቫን አውራጃ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገና ወጣት ሳለ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ገደማ በሚዙሪ ወንዝና በሮኪ ተራሮች መካከል ሲንከራተት ኖረ። አዳኝ፣ ነጋዴ፣ መንገድ መሪ፣ በመጨረሻም የመንግሥት ወኪል ሆኗል።

የሁሉም መነሻ ባርኔጣ ነው። ቀልድ አይደለም። በዚያን ጊዜ ደህና ባርኔጣ የሚሠራው ከቢቨር ጸጉር ነበር። ቢቨር በጥርሱ ዛፍ እየቆረጠ ወንዝ የሚገድብ እንስሳ ነው። ከሻካራው ጸጉሩ ሥር ያለው ለስላሳ ጸጉር እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ወፍራም ጨርቅ ይጠነክራል። ለንደን ላይ የሚደፋ ባርኔጣ ነበር እንግዲህ ወጣቶቹን ጉልበት ድረስ በረዷማ ውኃ ውስጥ ገብተው ወጥመድ እንዲያጠምዱ የሚያደርገው።

በ1823 ዊልያም አሽሊ የተባለ የሴንት ሉዊስ ነጋዴ ሰው ቀጥሮ ሚዙሪን ሽቅብ ሲጓዝ ፊትዝፓትሪክም አብሮት ነበር። ጅምሩ አላማረም። አሪካራ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ተኩስ ከፈቱባቸውና ደርዘን ያህል ሰው ሞተ። ወንዙ ሲዘጋባቸው በየብስ ለመሄድ ተገደዱ። በ1824 መጀመሪያ ፊትዝፓትሪክና ሌላው አዳኝ ጄዴዳያ ስሚዝ ያሉበት ቡድን፣ ክሮ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች በጠቆሙት አቅጣጫ ሄዶ ሳውዝ ፓስ የተባለውን መተላለፊያ አቋረጠ። ቦታው ዛሬ ዋዮሚንግ ውስጥ ነው። ከፍታው ከ2,200 ሜትር ይበልጣል። ሆኖም ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ተራራ የሚሻገሩ እንኳ አይመስልም። ጋሪ ያሳልፋል፤ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። «አገኙት» የሚባለው ግን እንዲያው ለወጉ ነው። የአገሩ ሰው ድሮም ያውቀዋል፤ በ1812ም ከምዕራብ የመጡ ነጋዴዎች አልፈውበት ነበር።

ከ1825 እስከ 1840 ንግዱ የሚካሄደው «ራንዴቩ» በሚሉት የተራራ ገበያ ነበር። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ቀጠሮ ማለት ነው። በሰኔና በሐምሌ ገደማ አዳኞቹ ቆዳቸውን፣ ነጋዴዎቹ ባሩድ፣ ቡናና አረቄ ይዘው አንድ ሸለቆ ውስጥ ይገናኛሉ። ዋጋው እሳት ነው። ብዙው አዳኝ የዓመት ልፋቱን በጥቂት ቀን ጠጥቶና ቆምሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። ፊትዝፓትሪክ በ1830 ከአራት ሸሪኮች ጋር የሮኪ ተራሮች ፀጉር ኩባንያን ገዛ። በ1831 ዕቃ ሊያመጣ ወርዶ በጣም ዘገየ፤ የዚያን ዓመት ገበያ የበላው የእሱ መዘግየት ነው። በዚያው ጉዞ አራፓሆ ከሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ወገን የሆነ የጠፋ ልጅ አገኘ። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር «ዓርብ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ሴንት ሉዊስም ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ አድጎ የወገኖቹ መሪና አስተርጓሚ ሆነ።

በ1832 ብቻውን ሲጋልብ ጠላት አጋጠመው። ፈረሱን አጣ፤ ዓለት ሥር ተደበቀ፤ ወንዝ ሲሻገርም የያዘው ሁሉ ተወሰደበት። ሰዎች ሲያገኙት በረሃብ አልቆ ነበር። ጸጉሩ የነጣው ያኔ ነው ይባላል። በኋላ ደግሞ በጠመንጃ አደጋ ግራ እጁ ተጎዳ። የአገሬው ተወላጆች «የተሰበረ እጅ» ያሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ፋሽኑ ወደ ሐር ባርኔጣ ዞረ። ቢቨሩም ተመናምኖ ነበር። ፊትዝፓትሪክ ግን መንገዱን ያውቃል፤ እንጀራው እሱ ሆነ። በ1841 ወደ ምዕራብ የሚሰደድ የጋሪ ጉዞ መራ። ከተጓዦቹ አንዱ ጆን ቢድዌል፣ እሱ ባይኖር ምናልባት አንዳችንም ካሊፎርኒያ አንደርስም ነበር ሲል ጽፏል። በኋላ ግን በሳውዝ ፓስ በኩል በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። ሣሩ ተጋጠ፤ ጎሹም ሸሸ።

በ1846 ለላይኛው ፕላትና ለአርካንሳስ ወንዞች አካባቢ የመንግሥት ወኪል ሆኖ ተሾመ። በ1849 እናቷ አራፓሆ የሆነችውን ማርጋሬት ፖይዛልን አገባ። በ1851 ፎርት ላራሚ አቅራቢያ በተደረገው የስምምነት ጉባኤ 10,000 ያህል የአገሬው ተወላጆች ተሰበሰቡ። በአገራቸው ለሚያልፈው መንገድ ካሳ በየዓመቱ 50,000 ዶላር ለ50 ዓመት እንደሚከፈላቸው ቃል ተገባ። የአሜሪካ ሴኔት ግን ዘመኑን ወደ 10 ዓመት ቆረጠው። በ1853 ፊትዝፓትሪክ ለአለቆቹ ሲጽፍ፣ ሕዝቡ እየተራበ መሆኑን በግልጽ አስታወቀ። ረሃቡ የገባው እሱ ራሱ በመራው መንገድ ነበር።

ለሥራ ዋሽንግተን ሄዶ ሳለ የሳንባ ምች ያዘው። በየካቲት 1854 ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው፣ በኮንግረስ መቃብር ነው።