ተንቀሳቃሽ ስክሪን ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ተቀምጦ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ላለ ድርጅት በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው፣ ግማሽ ቀኑ የሚያልቀው ኮምፒውተሩ ላይ መስኮት በመቀያየር ነው። ተርጓሚው ከዋናው ጽሑፍ ወደ ትርጉሙ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከደረሰኙ ወደ ሠንጠረዡ ይመላለሳሉ። ተንቀሳቃሽ ስክሪን ይህን ምልልስ የሚያስቀር፣ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚገባ ቀጭን ማሳያ ነው። በብዛት የሚገኘው ባለ 15.6 ኢንቹ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። ታብሌት ቢመስልም ታብሌት አይደለም፤ በውስጡ ኮምፒውተር ስለሌለ ላፕቶፕ ካልተሰካበት ጥቁር ሰሌዳ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ገመዱ ላይ ነው። የዩኤስቢ-ሲ ገመድ ምስሉንም ኤሌክትሪኩንም በአንድነት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሞላላ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ ምስል ያወጣል ማለት አይደለም። ከቀዳዳው አጠገብ የተንደርቦልት (ጫፉ ቀስት የሆነ መብረቅ) ወይም የዲስፕሌይፖርት (የምስል መውጫ) ምልክት ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ከመግዛት በፊት የላፕቶፑን መመሪያ ማየት ይገባል። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ የሚያስተላልፈው ምስልና ድምፅ እንጂ ስክሪኑን የሚያሠራ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ፣ ለኤሌክትሪኩ ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። እኔ ግማሽ ቀን ሙሉ ስክሪኑን ስረግም ቆይቼ ጥፋተኛው የስልክ ቻርጀር ገመድ ሆኖ አገኘሁት። መልኩ አንድ ነው፣ ምስል ግን አያሳልፍም።

ከተሰካ በኋላ የዊንዶውስን ቁልፍና የP ፊደልን አብሮ መጫን ነው። «ዱፕሊኬት» ያንኑ ምስል ይደግማል፤ የሚፈለገው ሁለቱን ስክሪኖች እንደ አንድ ሰፊ ገበታ የሚያያይዘው «ኤክስቴንድ» ነው። ስክሪኑ በግራ ተቀምጦ ሳለ ለኮምፒውተሩ ግን በቀኝ ያለ ከመሰለው፣ የማውሱ ቀስት ግድግዳ እንደገጠመው ጠርዝ ላይ ይቆማል። በዲስፕሌይ ማስተካከያው ውስጥ ሥዕሉን ጎትቶ ማዛወር ይበቃል።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። አብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ስክሪኖች የራሳቸው ባትሪ የላቸውም፤ የሚበሉት ከላፕቶፑ መሶብ ነው። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ 10 ዋት ገደማ ቢፈጅ አምስት ሰዓት ይቆያል። 8 ዋት የሚፈልግ ስክሪን ሲጨመርበት ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። መብራት በጠፋበት ቀን ይህ ሂሳብ ቀልድ አይደለም። ብርሃኑን መቀነስ ይረዳል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ስክሪኑን በሁለተኛው ቀዳዳው ከፓወር ባንክ ጋር ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ ላፕቶፑ የሚያቀርበው ምስሉን ብቻ ይሆናል። ዋይፋዩ አብሮ ከጠፋ ግን ሁለት ስክሪንም አራት ስክሪንም አንድ ነው።

ጣና ዳር ካለ ካፌ መሥራት ለሚወድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የእነዚህ ስክሪኖች ብርሃን ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ነው፤ ለቤት ይበቃል፣ ለባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ግን ምንም አይደለም። ሐይቁን ከጀርባ ካደረጉት ነጸብራቁ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ፊት ለፊት ካደረጉት ደግሞ ዓይን የውሃውን ብርሃን ስለሚለምድ ስክሪኑ የደበዘዘ ይመስላል። የሚያዋጣው ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ለሐይቁ ጎን መስጠት ነው። እኔም ሥራው እስኪያልቅ እንደዚያ እቀመጣለሁ፤ ወንበሬን ወደ ውሃው የማዞረው ስክሪኑን ቦርሳ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ነው።